የሾተላይ መርፌ ላመለጣት እናት

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ ዕድሜዬ 29 ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ደሜ ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ የባለቤቴ ኤ ፖዘቲቭ። የበኩር ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው። እሱን ስወልድ ስለ መርፌ የነገረኝ ሰው የለም። ሁለተኛዋ በቀኗ ተወለደች፤ በማግስቱ ቢጫ ሆነች፣ ፀሐይ አሙቂያት ተባልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል እንደደረስን አረፈች። አሁን የ15 ሳምንት እርጉዝ ነኝ። ኩምብስ የሚባል የደም ምርመራ ተሠርቶልኝ ‹ፖዘቲቭ 1:32› የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ጎረቤቴ መርፌውን ከጅቡቲ ላስመጣልሽ ትላለች። አማቴ ደማችሁ ስለማይስማማ አብራችሁ መኖር የለባችሁም ይላሉ። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። ልጄ ይተርፋል? መርፌውን ልግዛ? የትስ ልውለድ?»

እህቴ፣ በድሬ ወግ አንቱታውን ትቼ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ስለ ልጅሽ እግዜር ያጽናሽ። ሦስት ቀን የኖረች ልጅ ልጅ ናት። «ገና ሳትለምጃት መሄዷ ይሻላል» እያሉ ሊያጽናኑሽ የሚሞክሩ አይጠፉም፤ ያ ንግግር የስንቷን እናት አንጀት እንደሚያቆስል የምርመራ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። መርፌውን አትግዢ፣ አይጠቅምሽም። ከባለቤትሽም አትለያዪ። ልጅሽ የመትረፍ ተስፋው ትልቅ ነው። ነገር ግን ተስፋው ያለው ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ በሚደረግ ክትትል ላይ ስለሆነ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ቀጠሮ ያዢ። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ላስረዳሽ፤ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

እናቶቻችን ሾተላይ የሚሉት ልጅ እየቀማ የሚወስድ መንፈስ ነበር። ሴቲቱ የመጀመሪያውን ትወልዳለች፣ ያድግላታል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ወይ በሆዷ ይሞታሉ፣ ወይ በተወለዱ በሁለት በሦስት ቀን ቢጫ ሆነው ያልፋሉ። አያቶቻችን የበሽታውን መልክ በትክክል ነው ያዩት፦ በኩሩ ይተርፋል፣ ተከታዮቹ ይጎዳሉ፣ እያደርም ይብሳል። ምክንያቱን የሚነግራቸው ብቻ ነው ያጡት። ያ ምክንያት መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። አሜሪካ ውስጥ የሞተ ልጅ የወለደች አንዲት ሴት የባሏን ደም ስትወስድ ክፉኛ ታመመች፤ ሌቪን እና ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች ለምን ብለው ሲመረምሩ በደሟ ውስጥ የባሏን ደም የሚቃወም ነገር አገኙ። በዓመቱ ላንድስታይነር እና ዊነር ዛሬ አር ኤች የምንለውን የደም ምልክት ይፋ አደረጉ።

አንቺ ኔጌቲቭ ነሽ ማለት በቀይ የደም ሴሎችሽ ላይ ይህ ምልክት የለም ማለት ነው። በአገራችን እንደ አንቺ ያለው ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። የበኩር ልጅሽ ምልክቱን ከአባቱ ወርሶ ከሆነ፣ ስትወልጂው እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ጥቂት ደሙ ወደ አንቺ ገብቷል። ሰውነትሽም ባዕድ ነው ብሎ መከላከያ ሠራበት። በኩሩ ያኔ ተወልዶ ወጥቷል፤ አልተነካም። ሁለተኛዋ ስትመጣ ግን መከላከያው ተዘጋጅቶ ጠበቃት፤ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ገብቶ ደሟን አፈረሰው። ደም ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ሆድሽ ውስጥ ሳለች ይህን ቢጫ የምታስወግጂላት አንቺ ነበርሽ። ከተወለደች በኋላ ሥራው ገና ባልጠና ጉበቷ ላይ ወደቀ። ስትወለድ ደህና መስላ በማግስቱ ቢጫ የሆነችው ለዚህ ነው። ቢሊሩቢን ሲበዛ ደግሞ አንጎል ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ፀሐይ አሙቂያት» ያሉሽን ሰምተሽ ማሞቅሽ ጥፋት አይደለም። ስህተቱ የመካሪው ነው። የእናቱ ደም ኔጌቲቭ ሆኖ በተወለደ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ቢጫ የሆነ ሕፃን በዚያው ሰዓት ደሙ መታየት አለበት፤ የድሬ ፀሐይ ያህል ቢወርድበትም በፀሐይ አይድንም። እንዲያውም በእኛ ሙቀት ውኃው ያልቅና ይብስበታል።

ስለ አማትሽ ቃል። «ደማቸው አልተስማማም» የሚለው አባባል ስንት ትዳር እንዳፈረሰ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ያልተስማማው የአንቺና የልጁ ደም ነው፤ ባልሽና አንቺ ምንም አልሆናችሁም። ይልቅ አማትሽ ሊረዱሽ የሚችሉበት ነገር አለ፦ የባለቤትሽ እናትና አባት ሁለቱም የደም ዓይነታቸውን ይመርመሩ። በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ቀላል ምርመራ ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ኔጌቲቭ ከሆኑ ባለቤትሽ ምልክቱን የያዘው ከአንድ ወገን ብቻ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ አሁን በሆድሽ ያለው ልጅ እንደ አንቺ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ መከላከያሽ አይነካውም። የትልቁንም ልጅሽን አስመርምሪ፤ እሱ ኔጌቲቭ ሆኖ ከተገኘም ስለ አባቱ ያው ነገር ይታወቃል። ይህ ክትትሉን አያስቀርልሽም፣ ግን ሌሊት የምትተኚበትን ልብ ይሰጥሻል።

አሁን መርፌው። አንቲ ዲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው። ሥራው ቀላልና ድንቅ ነው፦ የልጁ ደም ወደ እናትየው ሲገባ ሰውነቷ ሳያየው ጠርጎ ያወጣዋል፤ ስለዚህ መከላከያ መሥራት አትማርም። መርፌው ካልተሰጠ ልጃቸው ፖዘቲቭ ከሆነ ከ100 ኔጌቲቭ እናቶች እስከ 16 የሚሆኑት መከላከያ ይሠራሉ። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ቁጥሩ ወደ 1 ወይም 2 ይወርዳል፤ በ28ኛው ሳምንት ተጨማሪ ከተወጋች ከ1 በታች ይሆናል። ነገር ግን ሰውነት አንዴ ከተማረ በኋላ መርፌው የሚያስረሳው ነገር የለም። ኩምብስሽ ፖዘቲቭ ነው ማለት ሰውነትሽ ተምሯል ማለት ነው፤ ለአንቺ አሁን መርፌው ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮህ ውሻ ነው። ገንዘብሽን ለአልትራሳውንድ ያዢው።

ይህን የምታነቡ፣ ደማችሁ ኔጌቲቭ ሆኖ ኩምብሳችሁ ኔጌቲቭ የሆነ እናቶች ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ መርፌውን ሳትወልዱ አዘጋጁ። ስትወልዱ ብቻ አይደለም፤ ውርጃ ሲያጋጥም፣ በእርግዝና ደም ሲፈስ፣ በሆድ ላይ አደጋ ሲደርስም ያስፈልጋል። 72 ሰዓት ቢያልፍም ሐኪም ጠይቁ፤ ዘግይቶም ቢሆን እስከ አሥረኛው ቀን የተወሰነ ጥቅም አለው። አንድ የምለምናችሁ ነገር፦ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ዘመድ በሻንጣ ይዞት በባቡር ወይም በአውቶቡስ ያመጣው፣ ድሬ ሲደርስ እንደ ሻይ የሞቀ ብልቃጥ ምን እንደቀረው ማንም አያውቅም። በበረዶ ሣጥን ካልመጣ አትቀበሉ። ውድ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ፋብሪካ ከባዶ የሚቀምመው አይደለም፣ መከላከያው በደማቸው ካለ ሰዎች ነው የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን ከ60 ዓመት በላይ 1,173 ጊዜ ከደሙ ሰጥቷል። እያንዳንዱ ብልቃጥ እንዲህ ካለ ሰው ክንድ የተቀዳ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። 1:32 ማለት ላብራቶሪው ደምሽን እያቀጠነ እስከ 32 እጥፍ ድረስ ሲሄድ መከላከያው አሁንም ታይቷል ማለት ነው። አብዛኞቹ ላብራቶሪዎች ከ1:16 ጀምሮ ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል ብለው ይጠነቀቃሉ። ነገር ግን በዚህ በሽታ ልጅ ያጣች እናት ከሆነች ቁጥሩ ብዙ አይነግረንም፤ 1:8 ብትሆኚም ኖሮ ምክሬ ያው ነበር። ስለዚህ በየወሩ ኩምብስ እያሠራሽ ቁጥሩ ወጣ ወረደ ብለሽ አትጨነቂ። መታየት ያለበት ልጁ ራሱ ነው።

የሚታየውም በዶፕለር አልትራሳውንድ፣ በልጁ አንጎል ውስጥ ባለ አንድ የደም ሥር ነው። አጥሚትና ውኃ ከሁለት ማንቆርቆሪያ ስታፈሺ ውኃው ነው ፈጥኖ የሚወርደው። የልጁ ደም ሲፈርስ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ደም ደግሞ በዚያ ሥር ውስጥ ፈጥኖ ይሮጣል። ፍጥነቱን እንለካና በዚያ ሳምንት ካሉ ጤነኛ ፅንሶች መካከለኛ ልክ ጋር እናስተያየዋለን። ከዚያ ልክ አንድ ተኩል እጥፍ ካለፈ ልጁ ደም አንሶታል ብለን እንነሣለን። ልኬቱ ልምድ ይጠይቃል፤ የሥሩን አቅጣጫ በትክክል ካልያዙት ቁጥሩ ያሳስታል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዢ «ማሽኑ ዶፕለር አለው?» ብለሽ አታብቂ፣ «የፅንሱን የአንጎል ደም ሥር ፍጥነት የሚለካ ሐኪም አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ድሬ ካጣሽ ሐረር ጠይቂ፤ ሐረርም ካልተሳካ የመጀመሪያውን ልኬት አዲስ አበባ አሠሪው።

ይህን የምጽፍልሽ በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ 18 ሳምንት የሚሞላሽ በነሐሴ 1 ገደማ ነው። ያኔ እንጀምር፤ መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቁጥሩ ከፍ እያለ ከሄደ በየሳምንቱ። አልትራሳውንዱ በልጁ ሆድ ውስጥ ወይም በቆዳው ሥር ውኃ መቋጠሩንም ያያል። ዓላማችን ወደዚያ ሳይደርስ መቅደም ነው።

ፍጥነቱ መስመሩን ካለፈ ምን ይደረጋል? ሳምንቱ ይወስነዋል። 35 ሳምንት ካለፈሽ በአብዛኛው ማዋለድ ነው የሚሻለው። ከዚያ በፊት ከሆነ ልጁ በሆድሽ እያለ ደም ይሰጠዋል። መጀመሪያ የሞከረው ላይሊ የተባለ የኒውዚላንድ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963፤ ዛሬ በአልትራሳውንድ እየታየ መርፌ በሆድሽ በኩል ገብቶ እትብቱ ውስጥ ያለው ደም ሥር ላይ ይደርሳል፣ ኦ ኔጌቲቭ ደም ይሰጠዋል፣ እንደ አስፈላጊነቱ በሁለት በሦስት ሳምንት ይደገማል። ሲሰሙት ያስፈራል። ግን ፅንሱ ውኃ ሳይቋጥር ከተደረሰበት፣ በሠለጠኑ ማዕከላት ከአሥሩ ዘጠኙ በሕይወት ይወለዳሉ። ለዚህ ሥራ መላክ ያለብሽ አዲስ አበባ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የእናትና የፅንስ ሕክምና ልዩ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ስለሆነ ሪፈርሽ ወደዚያ እንዲጻፍ ጠይቂ። ወረቀቱን ቀድመሽ አስጽፈሽ፣ አዲስ አበባ የምታርፊበትን ዘመድ ቀድመሽ አነጋግረሽ ተቀመጪ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለበት ቀን ስለ ማረፊያ ማሰብ የለብሽም።

እስከዚያው በራስሽ የምታደርጊው ጥቂት ነው፣ ግን ጥቂቱ ይቆጠራል። የብረትና የፎሌት እንክብልሽን ዋጪ። አጎበር ውስጥ ተኚ፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬን የመታትን ወባ ታስታውሻለሽ፣ ያኔ የታየችው ትንኝ በበርሜልና በታንከር በተቀመጠ ውኃ የምትፈለፈል የከተማ ትንኝ ናት፤ በርሜልሽን ክደኚ። ከ28 ሳምንት ጀምሮ፣ ከጥቅምት መጀመሪያ በኋላ ማለት ነው፣ የልጁን እንቅስቃሴ ቁጠሪ። ድሬ ሱቋን ዘግታ የምትተኛበት የቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ለዚህ የተመቸ ነው፦ ምሳ ከበላሽ በኋላ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር እንቅስቃሴ ካላገኘሽ፣ ወይም ከወትሮው መቀነሱ ከተሰማሽ፣ ነገ አትበዪ፤ በባጃጅም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሂጂ።

የት ልውለድ ላልሽው። ክትትሉ ደህና ከሄደ በ37 እና በ38 ሳምንት መካከል እንድትወልጂ እንፈልጋለን፤ በአንቺ ቆጠራ ከታኅሣሥ 9 እስከ 16 ገደማ ነው። ሾተላይ ብቻውን ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም፤ በምጥ መውለድ ትችያለሽ። እዚያው ድሬ ያለው ድል ጮራ ሆስፒታልም ይሁን ሐረር ያለው ሕይወት ፋና፣ ከኅዳር አጋማሽ በፊት በአካል ሄደሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ለጨቅላ ደም መቀየር ትሠራላችሁ? ለቢጫ ሕፃን የሚሆነው የፎቶቴራፒ መብራታችሁ ይሠራል? በምወልድበት ሳምንት ኦ ኔጌቲቭ ደም ከእኔ ደም ጋር ተመሳክሮ ይጠብቀኛል? ለሦስቱም «አዎ» ያለሽ ቦታ ነው የአንቺ ቦታ። አንዱን እንኳ አጥብቀው ካልመለሱልሽ በ36 ሳምንትሽ አዲስ አበባ ግቢ። ሐረርን ከመረጥሽ ምጥ ሳይጀምርሽ ቀድመሽ ውጪ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የደንገጎን ዳገት በሌሊት በምጥ አትውጪው። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ደግሞ ያ መንገድ በቁልቢ ተሳላሚ ይሞላል።

ስለ ደሙ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ኦ ኔጌቲቭ ብርቅ ነው። ይህ ደም የመገኘት ዕድሉ ከሁሉ የሚበልጠው በወንድሞችሽና በእህቶችሽ ዘንድ ነው፤ ሁሉም ይመርመሩ። የተገኘው ሰው ደሙን ለደም ባንክ ይስጥ፤ ባንኩ መርምሮ ያዘጋጃል። አንድ ጊዜ ከሐረማያ ወዲያ የመጣች፣ ሦስት ልጅ ያጣች እናት ሌሊት ወልዳ የሚሆናት ደም ጠፋ። ወንድሟ ከአወዳይ በጫት መኪና ተሳፍሮ ሲነጋጋ ደረሰ፤ ኔጌቲቭ መሆኑን ራሱም አያውቅም ነበር። ልጁ ተረፈ። እኔ ግን ያቺን ሌሊት አንቺ እንድትደግሚያት አልፈልግም።

ልጁ እንደተወለደ ከእትብቱ ደም ይወሰዳል፤ የደም ዓይነቱ፣ የደሙ መጠን፣ ቢሊሩቢኑ ይታያል፤ መከላከያሽ ደሙ ላይ መለጠፉንም የሚያሳየው ኩምብስ ይሠራለታል። ውጤቱ ሳይመጣ ከሆስፒታል አትውጪ፤ ደህና መሰለ ብለውሽ በወለድሽ በስድስት ሰዓት ውስጥ ቢያሰናብቱሽ እንኳ እምቢ በይ። ቢጫ ከጀመረ ዓይኑ ተሸፍኖ ሰማያዊው መብራት ሥር ይተኛል፤ መብራቱ ቢሊሩቢኑን በሽንትና በሰገራ ወደሚወጣ ነገር ይቀይረዋል። ጡትሽን አትከልክይው፤ መከላከያው በጡት አይጎዳውም፣ መጥባቱ ቢጫውን ያስወጣለታል። መብራቱ ካልቻለ ደሙ ይቀየራል፤ በእትብቱ ሥር በኩል ትንሽ እያወጡ ትንሽ እየተኩ፣ ለአንድ ኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ገደማ። ለአንድ ሦስት ኪሎ ልጅ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም ነው፤ ሰዓታት የሚፈጅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ቤት ከገባችሁም በኋላ ብዙዎች የሚዘናጉበት አንድ ነገር አለ። ቢጫው ጠፍቶ፣ ልጁ እየጠባ፣ ዘመድ ገንፎውን በልቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ከሄደ በኋላ፣ መከላከያሽ በልጁ ደም ውስጥ ለሳምንታት መሥራቱን አይተውም። ደሙ ዝቅ የሚለው በአብዛኛው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ነው። ወንድ ከሆነ ለክርስትናው አርባ ቀን ድግስ በምትደግሱበት ሳምንት ማለት ነው። ሲጠባ ቶሎ የሚደክም፣ የሚያልበው፣ ድዱና የእጁ መዳፍ የነጣ ከሆነ ደም ሊያስፈልገው ይችላል። ምንም ምልክት ባይኖርም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ሦስት ወር እስኪሞላው ሄሞግሎቢኑን አስለኪ።

የእናትሽን ስለት በተመለከተ። ክትትሉን ስለት አይከለክለውም፣ ስለቱንም ክትትሉ አይከለክለውም። ብቻ በታኅሣሥ 19 ልጁ ገና የቀናት ዕድሜ ያለው ጨቅላ ነው የሚሆነው፤ ብርድና አቧራ፣ ሕዝብም በሞላበት ተራራ ላይ አታውጪው፣ የደሙም ክትትል ያኔ ገና መጀመሩ ነው። እናትሽ ብቻቸውን ሄደው ይሳለሙ። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ለሐምሌ 19 ውጪ፤ ያኔ ሰባት ወሩ ነው፣ የደሙም ጉዳይ ካለቀ ቆይቷል። የአማቶችሽንና የልጅሽን የደም ዓይነት፣ የነሐሴውንም የዶፕለር ቁጥር ላኪልኝ፤ ቁጥሩን ከሳምንትሽ ጋር አስተያይቼ እመልስልሻለሁ።